መልስ፦ እናቴ «ማይክሮሶፍት ነን» ላሏት ሰዎች ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ የስጦታ ካርድም ገዛችላቸው፣ ምን ላድርግ?
አሁኑኑ ዋይፋዩን አጥፊ። ያስጫኗቸውን ኤኒዴስክ (ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ማዘዣ ፕሮግራም) አውጪውና ኮምፒውተሩን ሙሉ ስካን አድርጊው። የባንክና የኢሜይል ፓስወርዶቹን ግን ከስልክሽ ላይ ሆነሽ ቀይሪ፣ በዛ ኮምፒውተር እንዳትሞክሪው።

ካርዱንና ደረሰኙን ይዘሽ ካርዱን ላወጣው ድርጅት ዛሬውኑ ደውዪ፤ ገንዘቡ ካልተነሳ ሊያግዱት ይችላሉ። የእናትሽን ባንክም አሳውቂ። አሜሪካ ስለሆናችሁ ለኤፍቲሲም (የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን) አመልክቺ።

እነዚህ አጭበርባሪዎች የሚያሳዩት ቀይ ስክሪን እየጮኸ ስልክ ቁጥር ሲያወጣ ማንም ይደነግጣል፤ ማይክሮሶፍት ግን የስህተት መልእክቱ ላይ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። አጎቴን እንዲሁ ካታለሏቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ «ገንዘብዎን እንመልስልዎት» ብለው ደወሉ፣ እንደገናም ወሰዱባቸው። እናትሽን እባክሽ አትቆጫቸው። አጎቴ ሁለተኛውን ስልክ የደበቁን መጀመሪያ ስለጮህንባቸው ነው።