የቤዙ መሳሳት ምክንያት የሽቦው ቅጥነት አይመስለኝም

ሁለቱን ስፒከሮች ከአምፕሊፋየሩ ጋር ካገናኙ በኋላ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) እንደሳሳና የዘፋኙ ድምፅ ከመሃል መሰማቱን ትቶ እንደተበተነ ገልጸው፣ ችግሩ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነው የ5 ሜትር ሽቦ ይሆን ብለው ጠይቀዋል። ይህ ሽቦ ለ8 ኦም ስፒከር በቂ ስለሆነ አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። የገለጹት ምልክት በአብዛኛው የሚታየው የአንደኛው ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሲገለበጥ ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስበው፣ በተለይ ወፍራሞቹ ድምፆች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ።

አምፕሊፋየሩን አጥፍተው፣ መስመር ወይም ጽሑፍ ያለበት የሽቦው ወገን በሁለቱም ጫፍ ከቀዩ (ከፖዘቲቩ) ማሰሪያ ጋር መያያዙን ይመልከቱ። ሽቦው ምልክት ከሌለው ከአምፕሊፋየሩ በኩል ይንቀሉትና ሁለቱን ጫፎች በ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ብቻ ነካ ያድርጓቸው፤ ትልቁ ኮን (ከፊት የሚርገበገበው የስፒከሩ ክፍል) ወደ ውጭ ከወጣ፣ የባትሪውን ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ከስፒከሩ ቀይ ማሰሪያ የመጣው ነው።

አደራ የምልዎት ግን ሌላ ነገር ነው። የሽቦውን ሽፋን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ልጠው ክሮቹን በደንብ ይግመዷቸው፤ አፈንግጣ የወጣች አንዲት ቀጭን ክር ከጎረቤቱ ማሰሪያ ጋር ከተነካካች አምፕሊፋየሩን ልታቃጥለው ትችላለችና፣ መልሰው ከማብራትዎ በፊት እያንዳንዱን ማሰሪያ በባትሪ መብራት ጭምር ይመርምሩ።