ዝገት ተማሩ፦ ለባዮሜዲካል ተማሪ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

«ጋሼ፣ የትኛው ዘርፍ ይሻለኛል?» ትሉኛላችሁ። መልሱን ግን አስቀድማችሁ ይዛችሁት ነው የምትመጡት፤ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። ጥሩ ነው፣ ተማሩት። እኔ ግን በሕክምና መሣሪያ ሥራ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝና ሌላ ነገር ልጨምርላችሁ። ዝገት ተማሩ።

አትሳቁ። አሁን በየላቦራቶሪው ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ ነርቭ የሚቀሰቅስ ወይም የነርቭ ሲግናል የሚቀዳ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እዚያው ሟሙቶ የሚጠፋ ኤሌክትሮድ እየተሠራ ነው። የሙያው ግማሽ ብረት እንዴት እንደሚበላ ማወቅ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ለምን አስፈለገ? የእጅ ነርቭ ሲቆረጥ ሐኪሙ ይሰፋዋል። ነርቭ ግን የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ክርን አካባቢ የተቆረጠው ጣት ጋ እስኪደርስ ብዙ ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ጡንቻው ይመነምናል። በ2000 ካናዳ ውስጥ ቴሳ ጎርደንና ባልደረቦቻቸው አይጦች ላይ አንድ ነገር አሳዩ። የተሰፋውን ነርቭ በሴኮንድ 20 ጊዜ በሚመታ ደካማ ኤሌክትሪክ ለ1 ሰዓት ብቻ ቀሰቀሱት። ከ8 እስከ 10 ሳምንት የሚፈጀው የነርቮቹ እድገት በ3 ሳምንት አለቀ።

አንድ ሰዓት ይህን ካደረገ በየቀኑ ቢደገምስ? እዚህ ላይ ነው ኤሌክትሪኩን ወደ ነርቩ የሚያደርሰው ሽቦ ጣጣ የሚያመጣው። በቆዳ በኩል ወደ ውጭ ካወጣችሁት ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ውስጥ ከቀበራችሁት ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ማውጣቱም ቀላል አይደለም፣ ሥጋ በላዩ ያድግበታል። ጨረቃን የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ በ2012 የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ጊዜያዊ የፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ሽቦዎቹ ሲነቀሉ ደም ፈሰሰው፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

በ2018 በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጆን ሮጀርስ ቡድን፣ በሴንት ሉዊስ ካለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪሞች ጋር ሆኖ፣ የሚሟሟ የነርቭ መቀስቀሻ ይፋ አደረገ። እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ስፋቱ ከትንሽ ሳንቲም አይበልጥም። ባትሪ የለውም፣ ኃይሉን በገመድ አልባ ከውጭ ይቀበላል። የእግር ነርቫቸው የተጎዳ አይጦች በቀን 1 ሰዓት፣ ለ1፣ ለ3 ወይም ለ6 ቀን ተቀሰቀሱ። ብዙ ቀን የተቀሰቀሱት የበለጠ አገገሙ። መሣሪያው ሁለት ሳምንት ያህል ሠርቶ መሟሟት ይጀምራል።

ከምን ተሠራ ብትሉ እንግዳ ነገር የለውም። አንደኛው ማግኒዝየም ነው። አዋቂ ሰው በቀን ከ300 እስከ 400 ሚሊግራም ማግኒዝየም ከምግብ ማግኘት አለበት፣ ስለዚህ ስስ ሽፋን ሰውነትን አያስደነግጥም። ሌላው የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራበት ሲሊከን ነው። በጣም ሲሳሳ በሰውነት ፈሳሽ ቀስ ብሎ ይሟሟል፤ ወፍራሙ ግን ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። መሸፈኛው ፒኤልጂኤ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታችሁ ቫይክሪል የሚባለውን ስፌት ክር ካያችሁ ከዚያው ቤተሰብ ነው።

ማሟሟት ቀላል ነው። ጭንቁ እስከ ቀጠሮው ቀን ሳይሟሟ ማቆየት ነው። ሃሳቡ ደግሞ የትናንት አይደለም። በ1878 ኤድዋርድ ሂዩዝ የተባለ ሐኪም በማግኒዝየም ሽቦ የደም ሥር አስሮ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቤልጂየማዊው ቀዶ ሐኪም አልቢን ላምቦት የተሰበረ እግር በማግኒዝየም ሳህን ጠገነ፤ ምስማሮቹ ግን ወርቅ የተቀቡ ብረት ነበሩ። ሳህኑ በ8 ቀን ፈራረሰ፣ ከቆዳ ሥር ጋዝ ሞላ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሲነካኩ ባትሪ ይሆናሉ፣ ደካማው ይበላል። ማግኒዝየም ደግሞ ሲበላ ሃይድሮጅን ያወጣል። የዛሬዎቹም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ኤሌክትሮዱ ላይ የምትልኩት ኤሌክትሪክ ራሱ፣ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው እኩል ካልሆነ፣ ብረቱን ቶሎ ይበላዋል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ቡድን ሞሊብደነም ወደሚባል ብረት የሚሄደው፤ እሱ ዝግ ብሎ ነው የሚሟሟው። በ2020 ያው የሮጀርስ ቡድን መሸፈኛውን በሌላ ፖሊመር (የፕላስቲክ ዓይነት) ቀይሮ ዕድሜውን ከ30 ቀን በላይ አደረሰው። ልብ በሉ፣ ዋናው ለውጥ ልባሱ ላይ ነው።

ሲግናል መቅዳት ላይ ነገሩ ይብሳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት፣ መነሻውን ለማግኘት አንዳንዴ አንጎል ላይ ኤሌክትሮድ ለቀናት ይቀመጣል፤ ከዚያ ይወጣል። በ2016 የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ለዚህ የሚሆን የሚሟሟ የሲሊከን ኤሌክትሮድ በአይጥ አንጎል ላይ ሞከረ። እስቲ አስቡት፣ ሲግናሉ ደከመ እንበል። የደከመው አንጎሉ ነው ወይስ ኤሌክትሮዱ? የማይሟሟው ፕላቲኒየም ቢሆን ኖሮ ጥያቄው እንዲህ አይከብድም ነበር። የሚሟሟ ነገር የሚሠራ ሰው መሣሪያው በየቀኑ ምን ያህል እንደተለወጠ ለብቻው መለካት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሲያነሳው አልሰማም ማለት ይቻላል። የተበላሸ መሣሪያ ከሰውነት ሲወጣ እናየዋለን፣ እንቆርጠዋለን፣ ጥፋቱን እንፈልጋለን። እኔ ሙያዬን የተማርኩት ግማሹን ከተበላሸ ዕቃ ነው። ይሄኛው ግን ማስረጃውን ይዞ ይጠፋል። ስለዚህ መዝገብ አያያዛችሁ ከሌላው መሐንዲስ ሁሉ የጠበቀ ይሁን። የትኛው ጥቅል ማግኒዝየም፣ ስንት ማይክሮን ሽፋን፣ በየትኛው ቀን ተሠራ? አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ስለ አይጥ እያወራሁ መሆኔንም አትርሱ። የአይጥ እግር ነርቭ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፤ የእኛ ከወገብ እስከ እግር ጣት አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ፌስቡክ ላይ «ሽባነት ቀረ» የሚል ካያችሁ ዝለሉት።

መጀመር ለምትፈልጉ የማግኒዝየም ሪባን ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ክፍል አይጠፋም። በ0.9 በመቶ ጨው ውሃ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ አስቀምጡት። በየቀኑ መዝኑት፣ በመልቲሜትር ሬዚስታንሱን ለኩ። ሌላ ሪባን ላይ የብረት ምስማር አስሩና ከመጀመሪያው ጋር አወዳድሩ። የምታዩት አረፋ ሃይድሮጅን ነውና መስኮት ክፈቱ፣ ዕቃውን አትድፈኑት፣ እሳትም አታስጠጉ።