ናሱን ከመወልወላችሁ በፊት

በጡረታ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ደሴ ከተመለስሁ ወዲህ፣ መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን የድሮ የመርከብ መሣሪያዎች ሊያዩ የሚመጡ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ዋጋቸውን ነው። ባሕር በሌለበት ወሎ ሴክስታንት፣ ማለትም መርከበኛ የፀሐይን ከፍታ የሚለካበት መሣሪያ፣ ምን ይሠራል ብለው የሚስቁም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። እኔም በባቲ ቁልቁል ወርጄ አሰብ ላይ ባሕር እስካይ ድረስ መርከብን የማውቃት በሥዕል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል ሳገለግል ፀሐይን ከአድማስ ጋር አጋጥሞ መንገድ መፈለግን ተማርሁ። ልጆቼ፣ ምክሬ የሚነሣው ከዚያ ልማድ ነው፤ ልትለኩበት የማትችሉትን መሣሪያ አትግዙ።

የመጀመሪያው ግዢዬ አሳፍሮኛል። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛሁት ሴክስታንት «ኬልቪን ኤንድ ሂዩዝ፣ ለንደን፣ 1917» የሚል ተቀርጾበት ነበር፤ በዓመቱ ተደስቼ ስሙን ሳልመረምር ቀረሁ። ይህ ስም የመጣው ግን ሁለት የተለያዩ መሣሪያ ሠሪ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1947 ሲዋሐዱ ስለሆነ፣ በ1917 ሊቀረጽ አይችልም ነበር። ያንኑ ጽሑፍ የያዙ፣ ለጌጥ የተሠሩ ቅጂዎች በየአገሩ ገበያ ሞልተዋል።

ከዚያ ወዲህ ስምና ዓመትን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያ ቅስቱን በአጉሊ መነጽር አያለሁ፤ በጥሩ ሴክስታንት ላይ የዲግሪው ክፍፍል ብዙውን ጊዜ በናሱ ውስጥ በተቀበረ የብር ጥብጣብ ላይ የተቀረጸ ሲሆን መስመሮቹም ቀጫጭንና እኩል ናቸው። ቅስቱ የክብ አንድ ስድስተኛ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ 120 መድረሱ አያደናግራችሁ፤ መስተዋት ሲዞር የሚያንጸባርቀው ብርሃን በእጥፍ ስለሚዞር ነው። ቀጥሎ በቅስቱ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ክንድ ዜሮ ላይ አድርጌ ወደ ጦሳ ተራራ ጫፍ እመለከታለሁ። በቀጥታና በመስተዋቱ የሚታዩት ሁለቱ ምስሎች በጥቂቱ ቢለያዩ ነውር የለውም፣ ልዩነቱን መዝግቦ ማረም ይቻላል፤ ልዩነቱ በየቀኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን አንድ የላላ ነገር አለ።

ተራራ በከበባት ደሴ የባሕር አድማስ አይገኝም። እስከ ሐይቅ ወርዳችሁ በውኃው ለመለካትም አትድከሙ፤ የማዶው ዳርቻ ቅርብ ስለሆነ ያሳስታችኋል። ይልቁንስ ነፋስ በማይነካው ቦታ ሰሐን ላይ ዘይት አፍስሱና፣ የመሣሪያው ጥቁር መከላከያ መስተዋቶች ሙሉ መሆናቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ የሰማይዋን ፀሐይ በዘይቱ ላይ ከምትታየው ምስሏ ጋር አጋጥሙ። መከላከያው የጎደለ ከሆነ ፈጽሞ አትሞክሩት፤ ዓይን አይተካም። የምታነቡት ማዕዘን የከፍታው እጥፍ ነው። ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ከወጣች ግን እጥፉ ከ120 ስለሚያልፍ፣ በእኛ አገር ለቀትር ልኬት የሚመቸው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ፀሐይ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 23 ዲግሪ ተኩል ላይ ስትሆን፣ 111 ያህል ታነባላችሁ፤ ግማሹ 55 ተኩል ነው፤ ከ90 ሲቀነስ 34 ተኩል፣ ከዚያም 23 ተኩል ሲነሣለት 11 ይቀራል። ደሴም ያለችው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ11 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብላ ነው። በገዛ ግቢዬ ይህን ቁጥር ያገኘሁ ዕለት እንደ ሕፃን ነው የተደሰትሁት።

እናቶቻችን ናስን በሎሚና በአመድ ፈትገው ያብረቀርቁት ነበር፤ በሴክስታንት ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ግን የብሩን መስመሮች አጥፍቶ መሣሪያውን ጌጥ ያደርገዋል። የጠቆረውን እንደ ጠቆረ ተዉት፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ይበቃል። ሣጥኑንም ከነወረቀቱ አትለያዩት። የመንግሥት ንብረት ቁጥር ያለበት ዕቃ ቢመጣላችሁ ደግሞ እንዴት እንደ ወጣ የሚያስረዳ ሰነድ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ፤ ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ በወጣች ጊዜ እኛ መርከበኞቹም ዕቃዎቻችንም በየአቅጣጫው ተበትነናልና።

ያ የ1917 ሴክስታንት ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ወጣት እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማስይዘው እርሱን ነው፤ ጉድለቱን በራሱ እስኪነግረኝ ድረስ ሌሎቹን አላስነካውም።