ከኪኒን ወደ ኢንሱሊን መርፌ ተዛወርኩ፣ እምነቴ ስለቀነሰ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስኳር ታማሚ ነኝ፣ ብዙ ዓመት በኪኒን ብቻ ይዤው ቆየሁ፣ ማኅበራችን ላይም ቆሜ እግዚአብሔር ስኳሬን ይዞልኛል ብዬ መስክሬያለሁ። አሁን ዶክተሩ ኪኒኑ ብቻውን አይበቃሽም ብሎ ኢንሱሊን አዘዘልኝ። በ10 ዩኒት ጀምሬ 14 ደርሷል፣ መድኃኒቱ በጨመረ ቁጥር እምነቴ እየቀነሰ የሄደ ይመስለኛል። ቤተሰቤ እንዳያየኝ ተደብቄ ነው የምወጋው። አንድ ወንድም ደሞ የንጉሥ አሳን ታሪክ ጠቅሶ ጸበል ገብተሽ መርፌውን ተዪው አለኝ። ምን ላድርግ? ጾሙስ እንዴት ይሆናል? ስወጋስ ማማተብ ይገባኛል?

መልስ፦ እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። የጾሙን ሥርዓትና የጸበሉን አገባብ ታውቂዋለሽ፣ እሱን አልደግምልሽም። ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ተደብቀሽ መውጋትሽ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ከብዙ ሰው አፍ የሰማሁትን ይሄን ነገር እናንሳው።

ኪኒን ሲሆን ማንም ምንም አይልም። ጠዋት ኪኒኑን ውጦ ቅዳሴ የሚሄደውን ሰው እምነት የለህም የሚለው የለም። መርፌ ሲባል ግን ወሬው ይቀየራል፣ የመጨረሻ ደረጃ ደረሰ፣ አለቀለት፣ እግዚአብሔር ፊቱን አዞረበት ይባላል። እንዴ? በኪኒኑ ጊዜም እኮ የምትወስጂው መድኃኒት ነበር! እግዚአብሔር በሚዋጠው ውስጥ አለ በሚወጋው ውስጥ የለም የሚል ከየትኛው መጽሐፍ ነው የመጣው? መርፌ የሆነበት ምክንያት ደሞ ቅጣት ስለሆነ አይደለም፣ ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ በአፍ ቢወሰድ ሆድ እንደማንኛውም ምግብ ይፈጨዋል፣ ደም ውስጥ ሳይደርስ ይጠፋል። ይሄው ነው ምስጢሩ።

ኪኒኑ ለምን አልበቃ እንዳለሽ ደሞ ልንገርሽ፣ ሜትፎርሚን ሰውነትሽ ያለውን ኢንሱሊን በደንብ እንዲጠቀም ይረዳል፣ ግሊቤንክላሚድን የመሳሰሉት ደሞ ቆሽት ተጨማሪ እንዲያመነጭ ይገፏታል። ሁለቱም የሚሠሩት ቆሽትሽ የምትሰጠው ነገር ካለ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ግን ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሴሎች ከዓመት ዓመት እየደከሙ ይሄዳሉ፣ የደከመ በሬ ላይ ጅራፍ ቢበዛበት ምን ያርሳል? ስለዚህ ብዙ ዓመት በኪኒን የቆየ ሰው ወደ ኢንሱሊን ሲሻገር የበሽታው መንገድ ነው እንጂ የጸሎቱ ማነስ አይደለም። ከ10 ወደ 14 መውጣቱም አያስደንግጥሽ። ሐኪሞች ሆን ብለው ከትንሽ ነው የሚጀምሩት፣ ስኳርሽ እንዳይወርድብሽ ብለው፣ ከዛ የጠዋት ልኬትሽን እያዩ ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ፣ የሚስማማሽን ልክ እየፈለጉ ነው ማለት ነው። ዩኒት የእምነት መለኪያ ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ይነግሩን ነበር።

አሁን ወደ አሳ እንምጣ፣ ይቺ ጥቅስ ስንቱን እንዳሳሳተች እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለተኛ ዜና መዋዕል 16፥12 ላይ አሳ እግሩን ታሞ "ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም" ይላል። ሰዎች የመጀመሪያዋን ግማሽ ይዘው ይሮጣሉ። የተወቀሰው ባለ መድኃኒት በመፈለጉ ሳይሆን እግዚአብሔርን ባለመፈለጉ ነው። ምዕራፉን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው፣ አሳ ከመታመሙ በፊት ነው ልቡ የሸሸው፣ በእግዚአብሔር መታመን ትቶ በሶርያ ንጉሥ ታመነ፣ የገሠጸውን ነቢይ እስር ቤት ከተተው። የእግሩ ሕመም ሲመጣ የቆየው ክህደት ታየበት እንጂ በሐኪም ቤት አልተጀመረም። አንቺ እየጸለይሽ የምትወጊዪቱ በምን ሂሳብ አሳን ሆንሽ?

ሕዝቅያስን ግን ማንም አይጠቅስልሽም። በሁለተኛ ነገሥት 20 ላይ እግዚአብሔር እፈውስሃለሁ አለው፣ 15 ዓመትም ጨመረለት፣ ቃሉ ከወጣ በኋላ ግን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ፣ በእባጩ ላይ አደረጉት ተፈወሰ። ልብ በይልኝ፣ የተስፋ ቃል ተሰጥቶ እንኳ መድኃኒቱ አልቀረም፣ ያዘዘውም ነቢይ ነው! ሲራክ ምዕራፍ 38ም በታመምክ ጊዜ ጸልይ ይልና ወረድ ብሎ ለሐኪሙም ቦታ ስጠው ይላል፣ ሁለቱን አላጣላቸውም፣ የምናጣላቸው እኛ ነን።

ስለ ምስክርነትሽ ደሞ፣ ያኔ የተናገርሽው ውሸት አልነበረም። እግዚአብሔር ስኳሬን ይዞልኛል ስትዪ በኪኒን በኩል ይዞልሽ ነበር፣ ዛሬ በሌላ በኩል ይዞልሻል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1922 በፊት እኮ ሰውነታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጆች ብዙም ሳይቆዩ ነበር የሚሞቱት፣ በዛ ዓመት ቶሮንቶ ላይ የ14 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ተወግቶ ነፍሱ ተረፈ፣ ያገኙትም ሰዎች የባለቤትነት መብቱን ለዩኒቨርሲቲያቸው በ1 ዶላር ነው ያስረከቡት። እኔ ይሄን ስሰማ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ አንቺ ደሞ ታፍሪበታለሽ።

እና የመደበቁ ነገር። ጠንከር ብዬ ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፣ ብሶ ሲሄድ ንግግሩ ይዘባረቃል፣ ያለ ጠባዩ ይቆጣል፣ ራሱን ይስታል። ይሄ ነገር ቤተክርስቲያን ውስጥ ቢደርስብሽ አጠገብሽ ያለው ሰው ምን ይላል? መንፈስ ነው ይላል! ጸበል ይረጩብሻል፣ አንገትሽ ላይ መቁጠሪያ ያደርጋሉ፣ ውጣ ውጣ ይላሉ፣ አንቺን ግን ያስፈለገሽ ስኳር ነበር። ይሄ እንዲሁ ያሰብኩት ነገር እንዳይመስልሽ፣ ነገሩ የገባው ሰው በመሀል ተገኝቶ ራሷን ሳትስት ስኳር በውሃ በጥብጦ አጠጥቷት ቶሎ የተሻላትን እህት አውቃለሁ። ያ ሰው ባይኖርስ? ሐፍረትሽ ከበሽታው ይልቅ ሊጎዳሽ ይችላል። ለባልሽና ለልጆችሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፣ መርፌው የት እንዳለ ይወቁ፣ ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ይማሩ፣ ራስሽን ከሳትሽ በአፍሽ ምንም እንዳይሰጡሽና ወደ ሕክምና እንዲያሮጡሽ ጭምር። ቤተክርስቲያንም ሁልጊዜ አጠገብሽ ለምትቆመው እህት ንገሪያት።

ጾሙን በተመለከተ ከኪኒኑ ጊዜ የተለየ ነገር አለ። ኢንሱሊን ወግተሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ መቆየት ስኳርሽን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ አስቀድመሽ ለሐኪምሽ ይሄን ይሄን እጾማለሁ ብለሽ ንገሪው፣ መጠኑንና ሰዓቱን እሱ ያስተካክለው፣ ራስሽ እንዳትቀንሺው። ከዛ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ፍትሐ ነገሥታችን በሽተኛን ከጾም ግዴታ ያሳርፋል፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆዪ ግን የሚወስኑልሽ እሳቸው ናቸው፣ ፈቅደውልሽም የጥሉላቱን ጾም መያዝ ትችያለሽ። ልኬትሽ ከ70 በታች ከሆነ ሰዓቱ ስንት ነው አትበዪ፣ 15 ግራም የሚሆን ስኳር ወዲያው ውሰጂ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። ያን ቀን ጾም ገደፍኩ ብለሽ አታልቅሺ፣ ገዳፊ ማለት ለሆዱ የበላ ነው።

ጸበሉ ግቢ፣ ማን ከለከለሽ። መርፌውን ግን ይዘሽው ግቢ። ለቀናት የምትቆዪ ከሆነ መድኃኒቱን ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ቦታ አኑሪው፣ ያልተከፈተውን በረዶ የማይሠራበት የፍሪጅ ክፍል ውስጥ። "ተፈውሻለሁ ብለሽ እመኚና ጣይው" ለሚሉሽ ደሞ፣ ጌታ ለምጻሙን ሲፈውሰው ምን አለው? ሂድ ራስህን ለካህን አሳይ አለው፣ በሕጉ ለምጽ ጠፋ ብሎ የሚመረምረው ካህኑ ስለነበር። ጌታ የፈወሰው ለምርመራ ከተላከ አንቺም ብትፈወሺ ምርመራው አያስፈራሽም፣ ልኬቱ ይናገራል፣ ሐኪሙ ራሱ ይቀንስልሻል ያቆምልሻል። ሳይታይ መጣል ግን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ካለው ድምፅ ጋር ይመሳሰላል፣ መልሱም ጌታ አምላክህን አትፈታተነው የሚለው ነው።

ስትወጊ ማማተብሽን ጠይቀሻል፣ አማትቢ እንጂ፣ በስመ አብ ብለሽ ውጊ። ቦታውን ግን እያቀያየርሽ ይሁን፣ ሆድሽ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ከደጋገምሽ ያብጣል መድኃኒቱም በደንብ አይገባም። ከቁርባን በፊት ጣትን ለስኳር ምርመራ መብጣት ደም ስለሚያወጣ የሚነሳውን ጥያቄ ደሞ በጽሑፍ ለሁሉም አልመልስም፣ ለንስሐ አባትሽ በቃል አስረጂያቸው፣ በቀን ስንቴ እንደምትለኪም ጭምር ይወቁ።