ከሰጋቱራ ፔሌት ስለመስራት ለጠየቅከው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የፈርኒቸር ቤትህ ሰጋቱራ እየተከመረ አስቸግሮሃል፣ ሰጋቱራ ጠቅጥቆ ፔሌት ሚባል ትንንሽ የማገዶ እንክብል ሚሰራ፣ በሰዓት 300 ኪሎ ያወጣል የተባለ ማሽን ልግዛ ወይ ነው ያልከው። እኔ ጣውላ መሰንጠቂያ ቤት እዚሁ ማሽን ላይ ስለሰራሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ያ ሻጮች ሚሉት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የከብት መኖ ሲሰራበት ነው። እንጨት ጠንካራ ስለሆነ ሚወጣው ከዛ በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ የራስህን ሰጋቱራ በማዳበሪያ ይዘህ ሂድና እፊትህ ያሰራው፣ እምቢ ካለህ አትግዛ። ስሪ ፌዝ መብራት መኖሩንም ቀድመህ አረጋግጥ።

ከማሽኑ በላይ ግን ወሳኙ እርጥበቱ ነው። ፔሌት ያለ ኮላ ሚያያዘው እንጨቱ ውስጥ ሊግኒን ሚባል ነገር ስላለ ነው፣ ሮለሩ ሰጋቱራውን በዳዩ (ብዙ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብረት) ቀዳዳ ሲገፋው በፍትጊያው ይግልና ሊግኒኑ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። ለዚህ እርጥበቱ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት መሆን አለበት፣ ካለፈ እንፋሎቱ ፔሌቱን እየሰነጣጠቀ ያወጣዋል፣ በጣም ከደረቀ ደግሞ ዱቄቱ ሳይያያዝ ይወጣል ወይ ቀዳዳው ላይ ይደርቅና ሞተሩ ያቃስታል። አለካኩ ቀላል ነው፦ 100 ግራም መዝነህ ኦቨን ውስጥ 105 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው፣ 88 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 12 ነው ማለት ነው። ገና የተቆረጠ ባህር ዛፍ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ የፈርኒቸር እንጨት ግን ደርቆ ስለሚመጣ አንተ እዚህ ላይ ከኛ ትሻላለህ፣ ክረምት ላይ ብቻ ሸራ ስር አድርገው እንጂ ውጪ እንዳትተወው።

የኤምዲኤፍና የቺፕውድ ብናኝ እባክህን አትቀላቅልበት!! ውስጡ ፎርማልዲሃይድ ሚባል መርዛማ ኬሚካል ያለበት ኮላ አለ፣ እናቶች ቤት ውስጥ ሚያነዱት ነገር ነውኮ። ቫርኒሽ የነካውንም እንደዛው። ኤምዲኤፍ ሚቆረጥበት መጋዝ ስር ለብቻው ማዳበሪያ አስቀምጥ፣ ከወለል ተጠርጎ ሚመጣውንም ተጠንቀቅ አሸዋ ዳዩን ይበላዋል፣ ለሚስማር ደግሞ ማስገቢያው ላይ ማግኔት አድርግ።

ሌላው ሻጭ ማይነግርህ፣ ማሽኑን ልታጠፋ ስትል ሰጋቱራ ከፉርሽካና ከዘይት ጋር ለውሰህ መጨረሻ ላይ አስገባና ቀዳዳዎቹ በዛ ተሞልተው ይደሩ። ካላደረግክ ጠዋት ውስጡ እንደ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅህና አንድ በአንድ በድሪል ስትበሳ ትውላለህ። የሮለሩንም ኩሽኔታ ግራሶ አትንፈገው።

ሲወጣ ትኩስና ለስላሳ ነው፣ ዘርግተህ ሳይቀዘቅዝ ማዳበሪያ ውስጥ እንዳትከተው ላብ ይሰራና ይፈርሳል። ጥሩ የሆነውን ማወቅ ከፈለግክ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣለው፣ ደህና የተጠቀጠቀ ከሆነ ይሰምጣል፣ ከተንሳፈፈ ገና ነው።

አሁን ደሞ ብዙ ሰው ማያስበው፣ ማን ነው ሚያነደው? ፔሌት ላቀች ላይ ብታደርገው ያጨሳል እንጂ ደህና አይነድም፣ ከፔሌቱ ሚወጣውን ጋዝ ለይቶ ሚያቃጥል ምድጃ ይፈልጋል፣ ፋን ያለው ቢሆን ይመረጣል። ሩዋንዳ ውስጥ ኢንየንየሪ ሚባል ድርጅት ምድጃውን ራሱ ለደንበኛ እያቀረበ ፔሌቱን ይሸጥ ነበር፣ ሀሳቡ በጣም ጥሩ ነበር ግን ገንዘብ አጥሮት ተዘጋ። ስለዚህ እኔ ብሆን ከቤት ለቤት ሽያጭ በፊት ቦይለር ያላቸውን ፋብሪካዎችና ትልልቅ ኩሽናዎች ነው ማናግረው፣ 2 ኪሎ ደረቅ ፔሌት ከ1 ሊትር ናፍታ ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ስለሚሰጥ ሂሳቡን ራሳቸው ያሰሉታል። ገዢ ካጣህ ብሪኬትም (ተጠቅጥቆ ሚሰራ ከፔሌት ተለቅ ያለ ማገዶ) አለ፣ እሱ ተራ ምድጃ ላይም ይነዳል።

በቀን ስንት ማዳበሪያ ሰጋቱራ እንደሚወጣህ፣ ስንቱ ኤምዲኤፍ እንደሆነና እርጥበቱን ለክተህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ከዛ የትኛው የሞተር መጠን እንደሚበቃህ አብረን እናያለን።