ተመርቄ መጋዘን ልግባ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአዲስ ተመራቂዎች ናቸው። ሁለቱን መርጫለሁ። ለማታውቁኝ፦ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በፋብሪካ መጋዘንና ፐርሶኔል ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምመልሰው ካየሁትና ከደረሰብኝ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንዴት ነሽ? በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅኩ ስምንት ወሬ ነው። የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው ዙር አልፌያለሁ። ሥራ ሳጣ ጊዜ የአጎቴን ባጃጅ ይዤ ከሳቢያን ቀፊራ መሥራት ጀመርኩ። ሲቪ ላይ እነዚህን ስምንት ወራት ባዶ ልተዋቸው ወይስ ባጃጁን ልጻፈው? ጓደኞቼ «አቦ፣ ዲግሪህን አታዋርድ» ይሉኛል።

መልስ፦ አንቺ ብለህ ስለጻፍክልኝ ደስ ብሎኛል። የድሬ ልጅ እንዲህ ነው።

ጻፈው። ፐርሶኔል ክፍል ሳለሁ ብዙ መቶ ማመልከቻ በእጄ አልፏል። ባዶ ስምንት ወር ሳይ «ይህ ልጅ ምን ሲሠራ ነበር?» እል ነበር። አንተ ግን መልስ አለህ። በየቀኑ ገቢ ታስረክባለህ። ነዳጅና ጥገና ታሰላለህ። በአንድ ጠዋት በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ዋጋ ትደራደራለህ። ሳይት ላይ ሠራተኛ የሚያስተባብር ሰው ይህ ሁሉ ያስፈልገዋል። በሁለት መስመር ጻፈው፤ ቋንቋዎቹን ደግሞ ለብቻቸው አውጣቸው። ብዙ ተመራቂ ሦስቱንም እየተናገረ መጻፍ ይረሳል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከሰዓት ፀሐዩ ሲበረታና ከተማው ጋደም ሲል አንተ የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራምህን፣ አውቶካድን፣ ክፈት። እጅህ እንዳይረሳው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። መልካ ጀብዱ አካባቢ ያለ አንድ ፋብሪካ በመጋዘን ጸሐፊነት ሊቀጥረኝ ነው። ደመወዙ 9,000 ብር ነው፤ ሰኞ ግቢ ብለውኛል። እናቴ «አራት ዓመት የተማርሽው ጆንያ ልትቆጥሪ ነው? የባንክ ማስታወቂያ እስኪወጣ ጠብቂ» ትላለች። አባቴ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ እሱ ዝም ብሏል። ዋስም አምጪ ተብያለሁ፤ አጎቴ ደግሞ መፈረም ፈርቷል። የመጀመሪያ ደመወዜንስ ምን ላድርገው? ዘመድ ሁሉ ከአሁኑ እያየኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ግቢ።

እናትሽ ክፉ አስባ አይደለም። ጋዋን ለብሰሽ ያየችሽ እናት በጆንያ መሃል ልታይሽ አልፈለገችም። ይገባኛል። ግን የሂሳብ ሥራ የሚጀምረው እዚያው ጆንያው ጋ ነው። ባንክ የምትገባው ጓደኛሽ የምታየው ብሩን ነው። አንቺ ደግሞ ዕቃው ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ሲጎድል፣ ሲበላሽ ታያለሽ። ከሁለት ዓመት በኋላ የምርት ወጪ የሚያሰላ ኮስት አካውንታንት ልሁን ብትዪ፣ ክፍል ውስጥ በቁጥር የተማርሽውን በዓይንሽ አይተሽዋል ማለት ነው።

ደግሞ ያለሽው ድሬ ነው። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ዕቃ ማራገፍ፣ መቁጠርና ማስረከብ ከተማዋ ያደገችበት ሥራ ነው። አባትሽ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ዝም ያለው እናትሽን ላለመቃወም ይመስለኛል። ለብቻው ስታገኚው ጠይቂው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተከፍቷል። ስቶክ መያዝ የምታውቅና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አንብባ የምትረዳ አካውንታንት በዚህ ከተማ ሥራ አጥታ አትቀመጥም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ጆንያው ልንገርሽ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ በሙቀቱ ይንጣጣል። ዱቄት የጫነ መኪና ገባ። ሾፌሩ ቸኩሏል፣ ጫኝና አውራጆቹ ቸኩለዋል፣ እኔም ቸኩያለሁ። ወረቀቱ 300 ጆንያ ይላል። ሾፌሩ «እህቴ፣ የታወቀ ነው፤ ፈርሚና ልሂድ» አለኝ። ፈረምኩ። ማታ ሲቆጠር 288 ሆነ። አሥራ ሁለት ጆንያ የለም። ማንም አልጮኸብኝም። አለቃዬ ወረቀቱን አምጥቶ ፊርማዬን በጣቱ አሳየኝ፤ ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ለሰባት ወር ከደመወዜ ሲሶው ተቆረጠ። ፋሲካ ያገኘን በዚያው መሃል ነበር። እናቴ ዶሮ ሳትገዛ ቀረች፤ አንድ ቀንም አልወቀሰችኝም። ይህ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሽማግሌ ስቶር ኪፐር ጠርተው አቆጣጠር ያስተማሩኝ። ጠመኔ ትይዣለሽ። በሩ አጠገብ ትቆሚያለሽ። አንድ ጆንያ በአውራጁ ትከሻ አልፎ ሲገባ በበሩ ላይ አንድ መስመር ታሰምሪያለሽ። አራት ቋሚ መስመር፣ አምስተኛው በአራቱ ላይ አግድም። ሃያ እንዲህ ያለ ሲሞላ መቶ ነው። በዚህ መሃል ሾፌሩ ቢያጫውትሽ አትመልሺ። ስልክሽ ቢጠራ አታንሺ። ቆጠራው ሲያልቅ ወረቀቱን ከማየትሽ በፊት ያገኘሽውን ቁጥር ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ወረቀቱን ቀድመሽ ካየሽ ዓይንሽ ወደዚያ ቁጥር ይጎትትሻል። ልዩነት ካለ እዚያው ወረቀቱ ላይ ጽፈሽ ሾፌሩን አስፈርሚ። ያንቺ ፊርማ ከሱ በኋላ ይምጣ።

የገቢ ወረቀቱን መንግሥት ቤት ሞዴል 19፣ የወጪውን ሞዴል 22 ይሉታል። የግል ድርጅት ጂአርቪና ኤስአይቪ ይላል። አሁን ብዙ ቦታ በኮምፒዩተር ነው የሚሠራው። ቢሆንም ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር በሩ ላይ ከቆመው ሰው ነው የሚመጣው፤ እዚያ የምትቆሚው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ወደ ውሉ ልመለስ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። «ስድስት ወር እናይሻለን» ካሉሽ ይህን በትህትና አስታውሻቸው። የጽሑፍ ውል ካልተዋዋላችሁም ሥራ በጀመርሽ በ15 ቀን ውስጥ የሥራሽን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጡሽ ይገባል። ቅጂው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፤ ቤት ውሰጂው። ስትለቂ የሥራ ልምድ ማስረጃ ማግኘት መብትሽ ነው። እናትሽ የምትጠብቀው ባንክ ማስታወቂያ ሲያወጣ «ልምድ» ብሎ የሚጠይቅሽ ያንን ወረቀት ነው።

ዋሱን በተመለከተ፣ አጎትሽ መፍራቱ አይገርምም። በዋስ ፊርማ የተቀያየመ ዘመድ ስንት አይቻለሁ። ግን ሕጉ ለዋሱም አስቦለታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» ብቻ ከተባለ መጠኑ በብር እንዲጻፍ ጠይቁ። አጎትሽ ያንን ቁጥር አይቶ ይወስን። አልችልም ካለ አትቀየሚው። ያለውን ኑሮ አንቺም ታውቂያለሽ።

አሁን ገንዘቡ። 9,000 ብር ሲሉሽ 9,000 ብር እጅሽ አይገባም። ይህን ለእናትሽ ደመወዝ ከመውጣቱ በፊት ንገሪያት፤ በኋላ ከነገርሻት የደበቅሽ ይመስላታል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25 በመቶ ነው። ያንቺ ግብር 1,400 ብር ይመጣል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ 630 ብር ይቆረጣል። እጅሽ የሚገባው 6,970 ብር ነው። ቀጣሪሽ ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ፣ 990 ብር በስምሽ ለጡረታ ያስገባል። መግባቱን ጠይቂ። አዲስ ሠራተኛ ይህን መጠየቅ ያፍራል፤ አትፈሪ። የዩኒቨርሲቲው የወጪ መጋራት ዕዳም እንዳለብሽ አትርሺ። በተቆረጠብሽ ቁጥር ማስረጃውን በአንድ ፋይል አስቀምጪ፤ ኦርጅናል ዲግሪሽን ስትጠይቂ ያስፈልግሻል።

የመጀመሪያ ደመወዝሽን ለአባትና ለእናትሽ ይዘሽ ግቢና ተመረቂበት። ይህን አልከለክልሽም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ምርቃቱ በብሩ ልክ አይደለም። ሁለት ሺህ ብር በፖስታ አድርጊና በሁለት እጅሽ ስጪ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ግን ለቤት የምትሰጪው የታወቀ ይሁን። ለምሳሌ ዘይቱና ሽንኩርቱ በአንቺ ይሁን፤ ወይም 1,500 ብር ይሁን። ያልተወሰነ ከሆነ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲወጣ ወር ሳይሞላ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ፣ እነሱም ምን እንደሰጠሻቸው አያውቁትም። ይህን ለመነጋገር ቡና የሚፈላበት ሰዓት ይሻላል፤ ደመወዝ የወጣ ቀን አይሁን።

የሙከራ ጊዜሽ ሳያልቅ እቁብ አትግቢ። የሥራ ጓደኞችሽ በመጀመሪያው ሳምንት ይጋብዙሻል። እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን እቁቡ በመጀመሪያ ዙር ደርሶሽ ሥራው ቢቋረጥ ቀሪውን ከየት ትከፍያለሽ? ስልክ በዱቤም አሁን አትግዢ፤ ታይዋን ገበያ ያለው ሱቅ የትም አይሄድም። ያለሽ ስልክ ይበቃል።

ከደመወዝሽ በፊት መግዛት ያለብሽ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ጣት የማያሳይ ጫማ፤ መጋዘን ውስጥ በሰንደል አይገባም። ሌላው ጠመኔ። ቅዳሜ ቀፊራ ስትወጪ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያዢ። ነጩን አይደለም፣ ቢጫውን ግዢ። ዱቄት የነካው በር ላይ ነጩ አይታይም።