መልስ፦ ቤት ያልተሠራበት ቦታ ድረስ የፍሳሽ መስመር ማን ይዘርጋ?

ወንድሜ፣ «ገና ባልለማ መሬት ላይ የሚዘረጋውን የፍሳሽ መስመር ማን ይክፈል?» ብለሃል። ከገንዘቡ በፊት መሬቱን እየው። ፍሳሽ በራሱ ክብደት ቁልቁል ነው የሚሄደው። ተዳፋቱ ካልተመቸ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ፓምፕ ደግሞ በመብራትና በጥገና ዕድሜ ልክ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ዋናው መስመር ሸለቆውን ተከትሎ፣ የነገው ነዋሪ ታስቦ ይቀበር። ውዱ ቁፋሮው ነው፤ ቱቦውን ትንሽ ማስፋት ያን ያህል አይጎዳም። ሲበዛ ግን ጣጣ አለው። ሰፊ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ፍሳሽ ሲንፏቀቅ ደለል ይይዛል፣ ይሸታል።

ክፍያው? ብዙ ጊዜ ከተማው ተበድሮ ይሠራል፣ አልሚዎች የራሳቸውን መስመር ከዋናው ጋር ሲያገናኙ ድርሻቸውን ይከፍላሉ። አንዱ አልሚ ቀድሞ ከዘረጋም፣ በውል ከታሰረ፣ ኋላ የሚመጡት ያካክሱለታል። ግንባታው ከዘገየ ግን ዕዳው ነባር ደንበኞች ታሪፍ ላይ ያርፋል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።